ፀጉር የሌላት ውሻ በጎንደር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስሟ ከሰል ነው። ሾሎ ከሚባለው የሜክሲኮ ዝርያ ናት። ግንባሯ ላይ ካለችው ትንሽ ቁንጮና ከጅራቷ ጫፍ በቀር ሰውነቷ ላይ ፀጉር የለም። ውጭ አገር የምትኖር እህቴ ይዛት መጥታ ነበር፤ ስትመለስ ለእኔ ትታልኝ ሄደች። ይኸው አብረን ሦስት ዓመት ሞላን።

ከማራኪ ተነስተን ፒያሳ እስክንደርስ ቢያንስ አምስት ሰው ያስቆመናል። የሚጠይቁኝ ነገር ተመሳሳይ ነው፤ የሚጠይቁኝም ከልባቸው ነው። መንገድ ላይ ቆሜ በጥድፊያ የመለስኩትን እዚህ ረጋ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

ይህች ውሻ እከክ ይዟት ነው?

አይደለም። ስትወለድም እንዲሁ ነበረች።

ይህን ጥያቄ ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በከተማችን ፀጉሩ የረገፈ ውሻ ስናይ የምናውቀው አንድ ነገር ነው፤ እከክ። ስለዚህ ሰው ከሰልን ሲያይ ልጁን ወደ ኋላው ይስባል። አልፈርድበትም። አንድ ጊዜ እንዲያውም የሕክምና ቦታ ወስጃት፣ ገና ከበር ሲያዩዋት «እከክ ነው» ብለው የእከክ መድኃኒት ወጉልኝ። ቆዳዋን ፍቆ ያየ ሰው አልነበረም። ለሁለት ቀን ምግብ እምቢ አለች። ከዚያ ወዲህ እኔ ራሴ ቀድሜ «በመጀመሪያ ቆዳዋ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ይታይልኝ» እላለሁ።

ልዩነቱ በዓይን ይታወቃል። የሾሎ ቆዳ ለስላሳና ሙሉ ነው፤ ስትዳስሱት በደንብ የለፋ ቆዳ ይመስላል። አይሸትም፤ አይላጥም፤ ውሻውም ቀኑን ሙሉ ሲያክ አይውልም። እከክ ግን ቅርፊት አለው፤ ቆዳው ይወፍራል፤ ይቀላል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከጆሮ ጠርዝ፣ ከክርንና ከሆድ በኩል ነው። ፀጉሩም እኩል አይረግፍም፤ እዚህ ቦታ ተመልጦ እዚያ ይቀራል። እከክ የያዘው ውሻ እንቅልፍ የለውም።

እግረ መንገዴን ስለ ሰፈር ውሾቻችንም ልናገር። እከክ የሚመጣው በዓይን ከማይታዩ ተባዮች ነው፤ ይድናል። አንደኛው ዓይነት በጣም ያሳክካል፤ ከውሻ ወደ ውሻ ይተላለፋል፤ ሰውም ቢነካው ለጥቂት ጊዜ ሊያሳክከው ይችላል። ሌላው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ቡችሎችን የሚይዝ ነው፤ ወደ ሰው አይተላለፍም። ለሁለቱም መድኃኒት አለ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ግን መድኃኒት አይደለም። ውሻው ይልሰዋል፣ ቆዳውም ይመጠዋል፤ ይመርዘዋል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ጎንደር የእንስሳት ሐኪም የሚያሠለጥን ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ ናት፤ ባለሙያ ሩቅ አይደለም።

ታዲያ ፀጉሯ ለምን አልበቀለም?

በዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ተመራማሪዎች ምክንያቱን ለይተው አሳትመዋል። ፎክስ-አይ-3 የሚባል ዘረ መል ላይ ትንሽ ለውጥ አለ። ይኸው ለውጥ በሜክሲኮው ሾሎ፣ በፔሩው ፀጉር አልባ ውሻና ቻይኒዝ ክረስትድ በሚባለው ዝርያ ላይ ተገኝቷል። ዘረ መሉ ፅንሱ ሲያድግ ፀጉርና ጥርስ በሚሠሩበት ጊዜ ሥራ አለው። ስለዚህ ለውጡ ሁለቱንም ይነካል። ስለ ጥርሷ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

እኔን የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። እያንዳንዱ ቡችላ ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ ቅጂ ይወስዳል። አንዱ ቅጂ የተለወጠ ከሆነ ቡችላው ፀጉር አልባ ይሆናል። ሁለቱም የተለወጡ ከሆኑ ግን ፅንሱ ማኅፀን ውስጥ ይሞታል። በሕይወት ያለ ፀጉር አልባ ሾሎ ሁሉ እንግዲህ አንድ የተለወጠና አንድ ጤነኛ ቅጂ ይዟል ማለት ነው። ለዚህ ነው ሁለት ፀጉር አልባ ሾሎዎች ተገናኝተው ከሚወለዱት ቡችሎች መካከል በአማካይ ከሦስት አንዱ ሙሉ ፀጉር ይዞ የሚመጣው። ዲቃላ አይደለም፤ ወንድም እህቶቹ ራቁታቸውን ናቸው፣ እሱ ለብሷል፤ ያው ሾሎ ነው።

ሌላ መንገድም አለ። አሜሪካን ሄርለስ ተሪየር የሚባለው ዝርያ ፀጉር ያጣው በሌላ ዘረ መል ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1972 በሉዊዚያና የተወለደች አንዲት ፀጉር አልባ ቡችላ ናት። የዚያ ዝርያ ጥርስ ሙሉ ነው።

ዝርያው ከየት የመጣ ነው?

ሾሎ የጥንት የሜክሲኮ ውሻ ነው። ሙሉ ስሙ ሾሎይትስኩዊንትሊ ነው፤ ረጅም ስለሆነ ሁሉም ሾሎ ይለዋል። ስሙ ከአዝቴኮች ቋንቋ ከናዋትል የመጣ ሲሆን ሾሎትል የሚባለው አምላካቸው ስምና «ውሻ» የሚለው ቃል ተጋጥመው የተሠራ ነው። አዝቴኮች ይህ ውሻ የሞተ ሰውን ነፍስ ወንዝ አሻግሮ ወደ ሙታን አገር ያደርሳል ብለው ያምኑ ነበር። ኮሊማ በሚባለው የሜክሲኮ ግዛት ደግሞ ወደ 2,000 ዓመት ገደማ ከሆናቸው መቃብሮች ውስጥ ድንቡሽቡሽ ያሉ የሸክላ ውሾች ወጥተዋል። ፎቶአቸውን ሳይ የከሰል ቡችላነት ትዝ ይለኛል።

ስፔኖች ከመጡ በኋላ ዝርያው ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር። የቀሩት ራቅ ባሉ የገጠር መንደሮች ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የሜክሲኮ የውሻ ማኅበር ሰዎች እየዞሩ ፈልገው፣ የተገኙትን ሰብስበው ማራባት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1956 ዝርያው በአገሩ ዕውቅና አገኘ። የአሜሪካው የውሻ ክለብ ደግሞ ከመዝገቡ ሰርዞት ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2011 መለሰው። ሠዓሊዎቹ ፍሪዳ ካህሎና ዲዬጎ ሪቬራ ሾሎ ያሳድጉ ነበር።

ፔሩም የራሷን ፀጉር አልባ ውሻ እ.ኤ.አ. በ2001 በሕግ ብሔራዊ ቅርሷ አድርጋዋለች። አንድ አገር ለውሻ ይህን ያህል ክብር ሲሰጥ ደስ ይላል።

ሾሎ በመጠን ሦስት ዓይነት ነው፤ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ። ቁመቱ ከ25 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ከሰል መካከለኛ ናት፤ ጉልበቴ አካባቢ ትደርሳለች።

«የሐበሻ ውሻ» የሚባል ፀጉር አልባ ዝርያ አለ ይባላል። እውነት ነው?

ስሙ አለ። የቆዩ የአውሮፓ መጻሕፍት «የአቢሲኒያ የአሸዋ ተሪየር» ስለሚባል ፀጉር አልባ ውሻ ያነሳሉ። ዛሬ ግን በዚህ ስም በዓለም አቀፉ የውሻ ፌዴሬሽን የተመዘገበ ዝርያ የለም። እኔም እዚህ ጎንደር የጠየቅኳቸው አዛውንቶች አንዳቸውም እንዲህ ያለ ውሻ በአገራችን አላዩም። የአገራችን ስም በየዋህነት የሚለጠፍበት ነገር ብዙ ነው። «አቢሲኒያን» የምትባለዋ ድመት እንኳ የዘር ምርመራ ሲደረግላት የጠቆመው ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ነው።

ስነካት ትኩሳት ያላት ይመስለኛል። ታማ ነው? ቁርጥማትስ ታድናለች ይባላል።

አልታመመችም። የጤነኛ ውሻ ሙቀት፣ ፀጉር ኖረውም አልኖረው፣ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከሰው ትንሽ ይበልጣል። በሌላ ውሻ ላይ ፀጉሩ ሙቀቱን ስለሚይዘው እጃችሁ አያገኘውም። በከሰል ላይ ግን የሚከልል ነገር የለም፤ እጃችሁ በቀጥታ ቆዳዋ ላይ ያርፋል። ስሟንም ያገኘችው ከዚህ ነው። የመጀመሪያው ቀን ማታ እግሬ ሥር ተጠቅልላ ስትተኛ፣ ጥቁር ናት፣ ደግሞ ትሞቃለች፤ ሌላ ስም አላስፈለገም።

ስለ ቁርጥማቱ፦ ሜክሲኮ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ሰዎች ለሕመም ሲሉ ሾሎ አቅፈው ይተኛሉ። ሙቀት የታመመ መገጣጠሚያን ያስታግሳል፤ የሞቀ ውኃ የሞላበት ጠርሙስም ያንኑ ያደርጋል። ጎረቤታችን ያሉት እማሆይ ጉልበታቸውን ሲያማቸው ከሰልን ይጠሯታል። መጥታ ጉልበታቸው ላይ አገጯን ታሳርፋለች። «ተሻለኝ የኔ ልጅ» ይላሉ። ደስ ይለኛል። ግን ክኒናቸውን እንዲያቆሙ አልመክርም፤ ሐኪምን አትተካም።

የጎንደር ፀሐይ አይጎዳትም?

ይጎዳታል። ከብርዱ ይልቅ የምፈራው እሱን ነው።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ነው ያለችው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር ወደ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ሰውም ውሻም አይታወቀውም። የሜክሲኮ ውሻ ናት፣ ፀሐይ ለምዳለች የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ ጥቁር ቆዳዋ ይረዳታል፤ በበጋ ይበልጥ ትጠቁራለች፣ በክረምት ትገረጣለች። ደረቷ ላይ ያለው ነጭ ምልክት ግን አይጠቁርም። መጀመሪያ ዓመት መጋቢት ላይ ግቢ ውስጥ ተኝታ አረፈደች። ማታ ሳያት ያ ነጩ ቦታ እንደ በሰለ ቲማቲም ቀልቷል፤ በሦስተኛው ቀን ተላጠ። ደግሞ ደጋግሞ መቃጠል የቆዳ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል።

አሁን ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ድረስ ጥላ ውስጥ ናት። የእግር ጉዞአችን ማለዳ ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ነው። ቀን መውጣት ግድ ከሆነ ስስ የጥጥ ልብስ አለብሳታለሁ። አሮጌ የልጅ ቲሸርት በቂ ነው፤ እጅጌው ለፊት እግሮቿ ይሆናል።

የፀሐይ መከላከያ ቅባት ለመቀባት ካሰባችሁ ጀርባውን አንብቡ። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን አትቀቡ። ውሻ ራሱን ይልሳል፣ ዚንክ ደግሞ ሲዋጥ ደም ይጎዳል። ለውሻ ተብሎ የተሠራ ካልተገኘ ልብሱና ጥላው ይሻላል።

ብርዱስ?

ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳታል። ክረምትም፣ በተለይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲጥል፣ ትንቀጠቀጣለች። ለእሷ ግቢ ውስጥ የውሻ ቤት መሥራት አይሆንም፤ ቤት ውስጥ ነው የምታድረው። ሲሚንቶ ላይ አትተኛም፤ ከሥሯ ምንጣፍ ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ ያስፈልጋል። እኔ የእናቴን ያረጀ ጋቢ ለልብስ ሰፊ ወስጄ ካፖርት አሰፋሁላት። ልብስ ሰፊው ልኳን ሲወስድ ቀጥ ብላ ቆመችለት። ገንዘብ አልቀበልም ብሎ ለመነኝ።

ውሻን ቤት ማስገባት ለብዙ የጎንደር ሰው ከባድ ነው፤ ለእናቴም ነበር። እኔ ያደረግኩት ቦታዋን መለየት ነው። ከበሩ በስተቀኝ ምንጣፏ አለች። ከእሷ አታልፍም። ሥዕለ አድኅኖ ወዳለበት ክፍል አትገባም። አንድ ሳምንት ነው የፈጀባት።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ ምድጃ። እነዚህ ውሾች ሙቀት ይወዳሉ፤ ፍም ያለበት ቦታ ሁሉ ይጠጋሉ። ባለፈው ክረምት ቡና እየፈላ ነበር። ከሰል ረከቦቱ ሥር ገብታ ጀርባዋን ለምድጃው ሰጥታ ተኝታለች። ጀበናው ገነፈለና ከፍሙ ላይ ብልጭታ ዘለለ። ፀጉር ያለው ውሻ ቢሆን ፀጉሩ ተለብልቦ ይቀር ነበር። እሷ ላይ ግን ቆዳዋ ላይ አረፈ። ጩኸቷ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ቀዝቃዛ ውኃ ለረጅም ጊዜ አፈሰስኩበት፤ ጠባሳው የሽምብራ ፍሬ ያህል ሆኖ ቀርቷል። አሁን ቡና ሲፈላ ገመዷን ወንበር ላይ አስራለሁ።

ቅቤ ብትቀቢያትስ? ቆዳዋ ምን ይፈልጋል?

ቅቤ አይሆንም። የሚመክሩኝ እናቶች ለራሳቸው ፀጉርና ገላ ምን ያህል እንደጠቀማቸው ስለሚያውቁ ነው፤ አመሰግናቸዋለሁ። ግን ቅቤ የቆዳዋን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ይሸታል፣ ዝንብ ይጠራል። ደግሞም ሙልጭ አድርጋ ትልሰዋለች። ቫዝሊን በብዛት መለቅለቅም ያው ነው።

የፀጉር አልባ ውሻ ቆዳ እንደ ጎረምሳ ፊት ነው። ጥቁር ነጥብ ያወጣል፣ ብጉር ያወጣል፤ በተለይ ከስድስት ወር ጀምሮ እስከ ዓመት ተኩል ድረስ። አትፍረጡት። እኔ በየአሥር ቀኑ ገደማ በለብታ ውኃና ሽታ በሌለው ለስላሳ ሳሙና አጥባታለሁ። በደንብ አለቀልቃታለሁ፤ ቆዳ ላይ የቀረ ሳሙና ያሳክካል። በደረቅ ፎጣ ሳልፈትግ እየተጫንኩ አደርቃታለሁ። ከዚያ ገና ቆዳዋ ርጥበት እያለው ሽታ የሌለው የልጅ ሎሽን በስሱ እቀባታለሁ። የበግ ሱፍ ቅባት፣ ላኖሊን የሚባለው፣ ያለበትን አልጠቀምም፤ አንዳንዶቹ አይስማማቸውም። በየቀኑ ማጠብ ደግሞ ቆዳውን ያደርቃል። ሲበዛም ይጎዳል።

ምን ትበላለች? በጾምስ?

ማንኛውም ውሻ የሚበላውን። የምጠነቀቀው ሁለት ነገር አለ።

አንደኛው ወጥ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል። የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሆንም፤ ሽሮውም ቢሆን። «ትንሽ ዶሮ ወጥ ብታገኝ ምን ትሆናለች» እያሉ እንግዶች ያጎርሷታል። በየጊዜው የሚገባው ትንሽ ትንሽ ይጠራቀማል። የዶሮ አጥንትም ሲበስል ይሰነጠቃል፤ ጉሮሮ ይወጋል። ስለዚህ የእሷን ለብቻው እቀቅላለሁ፤ ሥጋ፣ ሩዝ፣ ካሮት፣ ያለ ጨውና ያለ ቅመም።

ሁለተኛው ጥሬ የሆድ ዕቃ ነው። በበዓል በግ ሲታረድ ሳንባና ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ እባጭ ይታያል። ያን ለውሻ መወርወር ልማዳችን ነው። እባጩ ውስጥ ያለው የኮሶ ትል ዘር ውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፤ በእጅና በምግብ ወደ ሰው ይመለሳል። ሰው ላይ ጉበትና ሳንባ ውስጥ እባጭ ሆኖ ለዓመታት ያድጋል፤ አንዳንዴ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። ይህ ለከሰል ብቻ ሳይሆን ለየትኛውም ውሻ ነው። እባጭ ያለበትን ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። የትል መድኃኒትም በሐኪም ምክር በየጊዜው ስጡ።

ስለ ጾም፦ ውሻ አይጾምም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ቤታችን ሥጋ አይገባም። ለእሷ እንቁላል እቀቅላለሁ፣ ከጾሙ በፊት የደረቀ የውሻ ምግብ እገዛለሁ። መጀመሪያ ነፍሴ ከብዷት ነበር። አባታችንን ስጠይቃቸው «እንስሳዋን አታስርቢያት» አሉኝ፤ በዚያ አበቃ።

ጥርሷ ለምን ጎደለ? አርጅታ ነው?

አራት ዓመቷ ነው። ቅድም ያልኩት ዘረ መል ነው፤ ከጎን ያሉት ጥርሶች ብዙዎቹ ከመጀመሪያውም አይበቅሉም። ያሉትም ቶሎ ሊወድቁ ስለሚችሉ በሳምንት ሦስቴ በሕፃን ብሩሽ እቦርሽላታለሁ። የሰው የጥርስ ሳሙና ሳልነካ፣ በውኃ ብቻ። ጠንካራ አጥንት አልሰጣትም።

ቤት ትጠብቃለች?

ትናገራለች እንጂ አትጠብቅም። በሩ ሲንኳኳ ሁለቴ ትጮኻለች፤ ከዚያ እኔን ታየኛለች። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚባለው ለእሷም ይሠራል። ግን ሌሊት ውጭ አድራ ሌባ ታባርራለች ብላችሁ እንዳታስቡ። ብርዱ አለ፣ ጅብም አለ። ሌሊት የጅብ ድምፅ ስትሰማ አልጋዬ ሥር ነው የምትገባው።

ጠባይዋ ረጋ ያለ ነው። ቤተሰብ ላይ ትጣበቃለች፤ እንግዳ ላይ ቁጥብ ናት። ብቻዋን መዋል አትችልም። ቀኑን ሙሉ ቤት የማይገኝ ሰው ይህን ዝርያ ባይይዝ ይሻላል። ደግሞ ብልህ ናት፤ የበር መቀርቀሪያ በአፍንጫዋ መክፈት ተምራለች። በደንብ ከተያዙ ከ12 ዓመት በላይ ይኖራሉ፤ ስትወስዱ ይህን ቁጠሩ።

ፀጉር ስለሌላት አለርጂ ላለበት ሰው ትሆናለች?

አንዳንዱን ይሻለዋል፣ አንዳንዱን አይሻለውም። አለርጂውን የሚያስነሳው ፀጉሩ ሳይሆን ምራቋና ከቆዳዋ የሚረግፈው ቅንጣት ነው። ሁለቱም አሏት። ከመውሰዳችሁ በፊት አብራችኋት ጥቂት ቀን ዋሉ። አስም ያለበት ሰው ደግሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ቁንጫና መዥገርስ?

ይይዛታል። መደበቂያ ስለሌለው ግን ወዲያው ይታያል። ከጉዞ ስንመለስ በጣቶቿ መካከልና ጆሮዋ ውስጥ አያለሁ።

ክትባት ያስፈልጋታል? ቤት ውስጥ ነው የምትውለው እኮ።

የግድ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ ዛሬም ሰው ይገድላል። ምልክቱ አንዴ ከታየ በሰውም በውሻም መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ መከላከል ግን ይቻላል። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያ እኔ በየዓመቱ አስደግማለሁ። ካርዷን ከመታወቂያዬ ጋር ነው የማስቀምጠው። ዲስተምፐርና ፓርቮ ለሚባሉት በሽታዎችም ትከተባለች።

ማንም ውሻ ቢነክሳችሁ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡ፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ቤት ተቀምጦ ውሻው ያብድ እንደሆነ እስኪታይ መጠበቅ አይገባም። ጠበሉም ጸሎቱም ከክትባቱ ጋር ይሁን።

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ወጣ ስንል ስሜን ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ አለ። ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም፤ የቀሩትም በመቶዎች የሚቆጠሩ ብቻ ናቸው። ከቤት ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስተምፐር ይፈጃቸዋል። እኔ ከሰልን ስሜን ይዣት አልሄድም።

ለጥምቀት ይዘሻት ትወጫለሽ?

አልወጣም። የከተራ ዕለት ከተማው ሲሞላ፣ ከበሮውና ሆታው ሲደምቅ፣ ለእኔ ከዓመቱ ሁሉ የሚበልጥ ቀን ነው። ለእሷ ግን ጭንቅ ነው። እግር ይረግጣታል፣ ሰው ፎቶ ሊያነሳት ይከባታል፣ ፀሐዩም አለ። ምግቧን በልታ፣ ውኃዋ ተሞልቶ፣ መስኮቱ ተዘግቶ ቤት ትውላለች። እኔም ሄጄ ቶሎ እመለሳለሁ።

ቡችላ አገኛለሁ? ከሰፈር ውሻ ጋር ብትዳቀልስ?

ቡችላ የለኝም፤ አልሸጥምም። ከሰልን አስመክኛታለሁ። ከፀጉራም ውሻ ጋር ብትገናኝ ኖሮ ከቡችሎቹ በአማካይ ግማሾቹ ፀጉር አልባ ይሆኑ ነበር። እነዚያን ማን ቤት ያሳድራቸዋል? መንገድ ላይ ቢጣሉ አንድ ክረምት አይሻገሩም። ሰውም እከክ ነው ብሎ ድንጋይ ይወረውርባቸዋል። ያን ሳስብ ውሳኔው አልከበደኝም።

«ብርቅ ዝርያ ነው» ብሎ ቡችላ የሚያቀርብላችሁ ሰው ካለ ተረጋግታችሁ እዩ። በጣታችሁ ወደ ኋላ ስታሹት የሚቆረቁር ከሆነ ተላጭቷል። ቅርፊትና መጥፎ ሽታ ካለው ታሟል። ከውጭ የመጣ ከሆነ የክትባት ማስረጃና የእንስሳት ጤና ምስክር ወረቀት መኖር አለበት፤ አሳዩኝ በሉ። ታሞ ያገኛችሁትን ቡችላም ቢሆን አዝናችሁ ከወሰዳችሁት ቀጥታ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ታክሞ ፀጉሩ ይበቅልለታል፤ ያኔ ጥሩ የሐበሻ ውሻ ይወጣዋል።

ልነካት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ ሲበርድ፣ ደጃፍ ላይ እንቀመጣለን። መጀመሪያ የእጃችሁን ጀርባ ስጧትና ታሽትተው። ጆሮዋን ወደ ኋላ ካጠፈች ቆዩ። ቀና ብላ ካየቻችሁ ከአንገቷ በታች፣ ደረቷ ላይ ንኩ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ እጁን ቶሎ ይመልሳል፤ ሙቀቷን አይጠብቅም። ከዚያ መልሶ ያሳርፋል።